እግር ታሞ አንገት ለምን ይመረመራል?



በዚህ የጤና ዓምዳችን ዘወትር እንደምናደርገው ዛሬም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን መርጠን ቀርበናል። ደብዳቤው የተላከልን ከደሴ ነው። ጸሐፊዋ እህታችን ስሟ እንዳይገለጽ ስለጠየቀችን ትተነዋል። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ በመሆኑም ፍሬ ነገሩን ብቻ አውጥተነዋል። እንዲህ ትላለች፦

«አባታችን ዕድሜያቸው 67 ነው። የስኳር በሽታ ከያዛቸው 15 ዓመት አልፏል። ሲጋራም ለብዙ ዘመን አጭሰው የተዉት በቅርቡ ነው። ጥቂት መንገድ ሲሄዱ ባታቸውን ያማቸውና ይቆማሉ፤ አረፍ ሲሉ ይተዋቸዋል። አሁን ግን የእግራቸው ጣት ላይ የወጣው ቁስል አልድን ስላለ አዲስ አበባ ወስደናቸው፣ የእግራቸው የደም ሥር ስለተዘጋ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል ተባልን። ቀን ከተቆረጠልን በኋላ ሐኪሙ ‹በቅድሚያ አንገታቸውን አልትራሳውንድ ተነሥተው ይምጡ› ብሎ አዘዘ። ቤተሰቡ ግራ ተጋባ። የታመመው እግር፣ የሚመረመረው አንገት! ወንድሜ ‹ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው› ይላል። አክስታችን ደግሞ አንገታቸው ላይ አንድ ነገር ከተገኘ ኦፕራሲዮኑ ይቀራል ብላ ፈርታለች።

«ሌላም ያልተናገርነው ነገር አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት አባታችን ለዙህር ዉዱእ ሲያደርጉ ጆጉ ከቀኝ እጃቸው አምልጦ ወደቀ። ሮጠን ስንደርስ አንደበታቸው ተሳስሮ የሚናገሩት አልሰማ አለን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ግን ምንም እንዳልነበረባቸው ሆኑ፤ ተነሥተውም ሰገዱ። ‹ምች ነው› ተባብለን ዳማከሴ ጨምቀን አጠጣናቸውና ተውነው። ለሐኪሙ ብንነግረው ቀኑን ያራዝምብናል ብለን ዝም አልን። እኔን ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዝም ማለታችን ልክ ነውን?»

መጽሔታችን የምትወጣው በወር አንድ ጊዜ በመሆኑ የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ እስከ ኅትመት ማቆየቱን አግባብ ሆኖ አላገኘነውም። ደብዳቤው በደረሰን ዕለት በጻፈችልን ስልክ ደውለን «ልክ አይደለም፤ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገሩ» ብለናታል። የቀሩት ጥያቄዎች ግን የብዙ ቤተሰቦች ጥያቄዎች ስለሆኑ ከዚህ በታች በዝርዝር እንመለከታቸዋለን።

የእግርና የአንገት ዝምድና

ከልብ ተነሥቶ ወደ መላው አካል የሚሄደውን ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ደም ቅዳ ይባላሉ። የጤናማ ሰው ደም ቅዳ ውስጡ ለስላሳ ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይም ሲጋራ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና በደም ውስጥ የበዛ ኮሌስትሮል ሲጨመሩበት ግን በግድግዳው ላይ ስብ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስቡም ከጊዜ በኋላ ይጋገራል፤ እንደ ኖራ ይደርቃል፤ የደሙንም መተላለፊያ ያጠብባል።

ይህ በሽታ የአንድ ቦታ በሽታ አይደለም። ቤት ውስጥ የገባ ምስጥ አንዱን ምሰሶ ብቻ በልቶ እንደማይቆም ሁሉ፣ የእግርን ደም ቅዳ ያጠበበው በሽታ የልብንና የአንገትንም ሊነካ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሰው የእግር ደም ቅዳ በዚህ በሽታ ተዘጋ ሲባል አስተዋይ ሐኪም ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ልቡስ እንዴት ነው? የአንገቱስ?

በአንገታችን ግራና ቀኝ፣ ከማንቁርታችን ጎንና ጎን ካሮቲድ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ደም ቅዳዎች ያልፋሉ። እያንዳንዳቸው በማንቁርት ከፍታ ግድም ሲደርሱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ ፊትና ወደ ራስ ቆዳ፣ ሁለተኛው ወደ አንጎል ይሄዳል። የደሙ አካሄድ በመለያያው ላይ ስለሚረበሽ ስቡ የሚጠራቀመውም በአብዛኛው እዚያው ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነታችን ዕረፍት ላይ ሆኖ ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ግን 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። እንዲህ ያለ አካል ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ደም ሲጎድለው ይጎዳል።

ብዙ ሰው አደጋው የቧንቧው መጥበብ ብቻ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ዋናው አደጋ የተጋገረው ስብ ገጹ ሲሰነጠቅ ነው። በስንጥቁ ላይ ደም ይረጋል፤ ከረጋውም ደም ቁራጭ ተነሥቶ ከደሙ ጋር ወደ አንጎል ይጓዛል። ቁራጩ አንዱን ቧንቧ ዘግቶ ከቀረ ስትሮክ ይሆናል። ትንሽ ሆኖ ወዲያው ከሟሟ ደግሞ እጅ ዝሎ፣ አፍ ተሳስሮ፣ ወይም በአንድ ዐይን ላይ መጋረጃ እንደ ወረደ ሆኖ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ይህ አላፊ ስትሮክ ይባላል። የእህታችን አባት ጆጉን የጣሉበት ሩብ ሰዓት ሁኔታው ሁሉ ይህንኑ ይመስላል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፤ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። መርማሪው አንገቱ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ጄል ይቀባና የመሣሪያውን ራስ በቀስታ እያንሸራተተ ይመለከታል፤ ከዚያም ወደ ሌላኛው ጎን ይዞራል። መርፌ የለውም፣ ጨረር የለውም፣ መጾምም አያስፈልገውም። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ለእህቶቻችን ደግሞ አንገት ብቻ መገለጡ በቂ እንደሆነና ሴት መርማሪ ካለች መጠየቅ እንደሚቻል ማስታወስ እንወዳለን።

መሣሪያው የሚሠራው ሁለት ሥራ ነው። በአንድ በኩል ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የቧንቧውን ግድግዳና የተጋገረውን ስብ በምስል ያሳያል። በሌላ በኩል የደሙን ፍጥነት ይለካል። ይህን ያስቻለው ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ያስረዳው የተፈጥሮ ሕግ ነው። ጡሩምባ እየነፋ የሚመጣ መኪና ድምፁ ወደ እኛ ሲቀርብ ይቀጥናል፤ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። መሣሪያውም ከሚፈሰው ደም ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ድምፅ አነጻጽሮ ደሙ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ያሰላል። በምርመራው ጊዜ «ሹው፣ ሹው» የሚል ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ የራሳችሁ ደም ነው።

ፍጥነቱ ለምን ይጠቅማል? አትክልት የምናጠጣበትን የውኃ ጎማ አፉን በአውራ ጣታችን ጫን ስናደርገው ውኃው ይፈጥናል። ደምም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የስምምነት መለኪያ መሠረት፣ ወደ አንጎል በሚሄደው ቅርንጫፍ ውስጥ የደሙ ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ ከ125 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ነው ተብሎ ይገመታል። ከ125 እስከ 230 ከሆነ ከ50 እስከ 69 በመቶ፣ ከ230 ካለፈ ደግሞ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ጨርሶ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ግን የሚለካ ፍሰት አይገኝም።

ይህ ምርመራ የመርማሪውን እጅና ልምድ ይፈልጋል። ለእርግዝና የሚያገለግለው ቆልመም ያለ የመሣሪያ ራስ ለአንገት አይስማማም፤ ለዚሁ የሚሆን ቀጥ ያለ ራስ አለው። ስቡ እንደ ኖራ ከደረቀ ጥላ ስለሚጥል ከበስተኋላው ያለው አይታይም። በዚህን ጊዜ ወይም ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ሐኪሙ የደም ሥርን በሲቲ ስካን ወይም በኤም አር አይ እንዲታይ ሊያዝ ይችላል።

ታዲያ ሁላችንም እንመርመር?

መልሱ አይደለም የሚል ነው። ወንድምየው «ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው» ማለቱን ሙሉ በሙሉ ባንቀበለውም፣ ከጥርጣሬው ውስጥ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይወጣል፦ የዚህ ምርመራ ውጤት የሚለውጠው ነገር ምንድን ነው?

ምንም ምልክት የሌለባቸውን 1,000 አዋቂዎች እንውሰድ። ከእነዚህ ውስጥ ጥበቱ የከፋባቸው 10 ያህል ቢሆኑ ነው። መሣሪያው ጥበቱ ካለባቸው 100 ሰዎች 94ቱን፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 92ቱን በትክክል ይለያል ብንል፣ ከ10ሩ 9ኙን ያገኛል። ነገር ግን ከቀሩት 990 ጤነኞች ላይ 79ኙን «አለባችሁ» ብሎ በስሕተት ያስደነግጣል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ወደማያስፈልጋቸው ተጨማሪ ምርመራና ወደ ኦፕራሲዮን ሊገፉ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ስለ በሽታ መከላከል የሚመክረው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2014 እና በ2021 ምልክት የሌለበት ሕዝብ በጅምላ እንዳይመረመር ደጋግሞ መክሯል።

ከኦፕራሲዮን በፊት ግን ነገሩ ይለያል። በማደንዘዣ ጊዜ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ደም የመርጋት ጠባዩ ይጨምራል፤ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችም ሊቋረጡ ወይም ሊቀየሩ ይችላሉ። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞችና የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2014 በጋራ ያወጡት መመሪያ ጉዳዩን በሦስት ከፍሎት ነበር፦

1ኛ. ባለፉት 6 ወራት ውስጥ ስትሮክ ወይም አላፊ ስትሮክ ለነካው ሰው ምርመራው ሊደረግለት ይገባል።
2ኛ. ምልክት ሳይኖርበት የደም ሥር ኦፕራሲዮን ለሚደረግለት ሰው ምርመራው ሊታሰብ ይችላል።
3ኛ. የደም ሥር ላልሆነ ኦፕራሲዮን ምልክት የሌለበትን ሰው በልማድ መመርመር አይመከርም።

የልብ የደም ሥር ኦፕራሲዮንንም በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ መመሪያ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ፣ ላጨሱ፣ የእግር የደም ሥር በሽታ ላለባቸው፣ ወይም ስትሮክ ነክቷቸው ለሚያውቁ ምርመራው ተገቢ ነው ይል ነበር።

እዚህ ላይ ከእውነቱ መሸሽ የለብንም። ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣ ስትሮክ ሁሉ ከአንገት የሚነሣ አይደለም፤ አብዛኛው ከልብና ከሌሎች ምክንያቶች ነው። ስለዚህ የአንገት ምርመራው ንጹሕ ሆነ ማለት ሥጋት የለም ማለት አይደለም፤ ጥበት ተገኘ ማለትም በሽተኛው ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ አይነሣም ማለት አይደለም።

ያልተነገረው ነገር

ውድ እህታችን! እንግዲህ የአባታችሁን ጉዳይ ከላይ ከተዘረዘሩት ጋር አስተያዪው። ሐኪሙ ምርመራውን ያዘዘው የሚያውቀውን ይዞ ነው፤ የደም ሥር ኦፕራሲዮን፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ዕድሜ። በእነዚህ ብቻ ከሆነ አባታችሁ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ምርመራው «ሊታሰብ ይችላል»። የዉዱኡ ዕለት የሆነው ከተነገረው ግን አላፊ ስትሮክ መሆኑን መርምሮ ያረጋግጣል፤ ከሆነም ወደ አንደኛው ክፍል ይዛወራሉ። ምርመራውን ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊ ያደረገው እናንተ የደበቃችሁት ያ ሩብ ሰዓት ነው።

መርማሪውም ቢሆን ይህን ማወቅ አለበት። የቀኝ እጅን የሚያዘው የአንጎል ግራ ክፍል ነው፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ንግግርም ከዚያው ነው። ስለዚህ ቀኝ እጅና አንደበት አብረው ከታሰሩ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የግራ አንገት ቧንቧ ነው።

የተመለሰ ነገር ያለፈ ነገር ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ አላፊ ስትሮክ ይዟቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ከመጡ 1,707 ሰዎች መካከል 180ዎቹ በ90 ቀናት ውስጥ ሙሉ ስትሮክ አግኝቷቸዋል። ከእነዚህም 91ዱን ያገኛቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። በሌላ በኩል በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ በሽተኞች ሳይዘገዩ ታይተው ሕክምና ሲጀመርላቸው በ90 ቀናት ውስጥ ስትሮክ የሚደግማቸው ከ10.3 በመቶ ወደ 2.1 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። በምች ስም ዳማከሴ እየጠጣን የምናሳልፋቸው ቀናት እነዚህ ናቸው።

«ቀኑን ያራዝምብናል» ያላችሁት ፍርሃት መሠረት የለውም አንልም። አዎን፣ ሊራዘም ይችላል። ከ481,000 በላይ ኦፕራሲዮኖችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የዴንማርክ ጥናት፣ ስትሮክ ከያዘው በኋላ ቶሎ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው ሥጋቱ ከፍ ያለ እንደሆነና የሚረግበውም ወደ 9 ወር ግድም እንደሆነ አመልክቷል። ቁስሉ የማይድን እግር ግን ይህን ያህል ላይጠብቅ ይችላል። ስለዚህ እግሩን ማዳንና አንጎልን መጠበቅ በአንድ ሚዛን ላይ መቀመጥ አለባቸው። ሚዛኑን የሚይዘው ሐኪሙ ነው፤ በአንደኛው ወገን ያለውን ክብደት ከሸሸግነው ግን እንዴት አድርጎ ይመዝናል?

ውጤቱ ከመጣ በኋላ

ጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ፣ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ምልክት ከሌለው፣ ብዙውን ጊዜ የእግሩ ኦፕራሲዮን አይቀርም። አስፕሪን፣ ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት፣ የደም ግፊትና የስኳር ቁጥጥር ይታዘዛል። የማደንዘዣ ሐኪሙም ግፊቱ እንዳይወርድ አስቀድሞ ይዘጋጃል። 70 በመቶ ደርሶ ምልክት ለሌለው ሰው የአንገቱ ጉዳይ ለብቻው ይመከርበታል።

ከ70 እስከ 99 በመቶ ጠብቦ በቅርቡ ምልክት ከታየ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንገት ይቀድማል። ሐኪሙ ቧንቧውን ከፍቶ የተጋገረውን ስብ ያወጣል። ይህ ሕክምና አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ማይክል ደቤኪ እ.ኤ.አ. በ1953 በሂዩስተን ሠርቶታል። በ1954 ደግሞ የለንደኑ የሴንት ሜሪ ሆስፒታል ሐኪሞች አላፊ ስትሮክ ደጋግሞ የያዛትን አንዲት ሴት ጠባቡን ቦታ ቆርጠው በማውጣት አክመው ነገሩን ለዓለም አሳውቀዋል። በአሜሪካና በካናዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ ካሉ በሽተኞች መካከል በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት በ2 ዓመት ውስጥ በዚያው ወገን ስትሮክ የያዛቸው 26 በመቶ ሲሆኑ፣ ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው ግን 9 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥቅሙ የሚበልጠው ከምልክቱ በኋላ በ14 ቀናት ውስጥ ሲሠራ ነው። ኦፕራሲዮኑ ራሱም ስትሮክ ሊያመጣ ስለሚችል ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። ጨርሶ የተዘጋ ቧንቧ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም፤ በመድኃኒት ይጠበቃል።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ

ከደም ሥር ኦፕራሲዮን በፊት ቤተሰብ እነዚህን ነገሮች ቢያሟላ መልካም ነው፦

- ለደቂቃም ቢሆን እጅ ወይም እግር ዝሎ፣ ፊት ተጣሞ፣ አንደበት ተሳስሮ፣ አንድ ዐይን ጨልሞ ያውቅ እንደሆነ ቀኑንና የትኛው ወገን እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ። በሽተኛው ራሱ ላያስታውሰው ስለሚችል ያየው ሰው አብሮ ይሂድ።
- የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ሂዱ። አስፕሪንም ሆነ ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ አታቋርጡ።
- «ውጤቱ ምን ይለውጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው።
- እንዲህ ያለ ምልክት ዛሬ ቢታይ፣ ቢመለስም እንኳ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከ ገባበት ቀን ድረስ የአባትየው የምርመራ ውጤት አልደረሰንም። የደረሰን ነገር ቢኖር እህታችን በማግስቱ ወደ ሐኪሙ ደውላ ሁሉንም መንገሯ፣ እርሱም ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን እንዲመጡ ማዘዙ ነው። ወንድሟም አባቱን ይዞ ለመሄድ የመጀመሪያው እንደነበረ ነግራናለች። አላህ አባታችሁን ያሽርላችሁ፤ የእናንተንም ደብዳቤ ላነበበ ቤተሰብ ሁሉ መጠንቀቂያ ያድርገው።